ካርዱ ደጋ፣ በሽታው ቆላ

ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ሲደርስ ቶሎ ካላጨዱት ፍሬውን የያዘው ሽፋን ይከፈትና እህሉ መሬት ላይ ይረግፋል። መዘግየት የዓመቱን ድካም ለወፍና ለአፈር መስጠት ነው። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ በመተማ፣ በምዕራብ አርማጭሆና በሁመራ እርሻዎች ሰው በአስቸኳይ ይፈለጋል። ከበለሳ፣ ከጋይንት፣ ከሊቦ ከምከም፣ ከጎጃምና ከሌላም አገር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ወደ ሱዳን ድንበር ይወርዳሉ። ብዙዎቹ ሐምሌ ላይ ለአረም ቀድመው ወርደዋል።

አንዱን በሐሳብ እንከተለው። ስም አያስፈልገውም፤ እሱን የሚመስል ብዙ ነው። ዕድሜው 20 ገደማ። የአባቱ መሬት ለወንድማማቾች ሲካፈል ለእሱ የደረሰችው ቁራጭ ጎጆ ከተቀለሰባት ለእርሻ አትተርፍም። ጓደኞቹን ተከትሎ ወረደ። ቀን ያርማል። ፀሐይ ሲበረታ ግራር ሥር ጋደም ይላል። ማታ እዚያው እርሻው ዳር ማዳበሪያ አንጥፎ ይተኛል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ኅዳር ላይ ሂሳቡን ተቀበለ። ለእናቱ ነጠላ፣ ለራሱ ስልክ ገዝቶ አገሩ ገባ።

ጥር ላይ ትኩሳት ጀመረው። ጤና ጣቢያ ሄደ፣ ወባ ነው ተባለ። ኪኒን ዋጠ። ሻል አለው፣ ተመለሰበት። ሌላ ኪኒን ተሰጠው። ሰውነቱ እያለቀ ሆዱ ግን ወደፊት መጣ። ቤተሰብ ጠበል ወሰደው፣ ከዚያ የግል ክሊኒክ፣ ከዚያ በግ ተሸጠ። መጋቢት ላይ ጎንደር ሲደርስ ሆዱን የሞላው ያበጠ ጣፊያ መሆኑ ታወቀ። በሽታው ካላዛር ነው።

ካላዛር የሚመጣው በዓይን ብዙም በማትታይ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው። በሰሜን ምዕራብ ቆላ ዋነኛዋ አስተላላፊ በግራር ጫካና በዋልካ አፈር አካባቢ ትራባለች፤ ስንጥቁ መጠለያዋ ነው። ሌሊት ትነክሳለች። ተውሳኩ ከገባ በኋላ ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ይወርሳል። ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። ቶሎ ከተደረሰበት ግን ይድናል፤ መድኃኒቱም አገር ውስጥ አለ፣ ሕክምናውም በነጻ ነው።

ታዲያ ለምን ይሞታሉ?

መልሱ ከሐኪም ቤት ይልቅ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው ያለው። አሠራራችን ሰውን የሚቆጥረው በተወለደበት ነው። በሽታው የሚያገኘው በሚሠራበት። ይህን ልዩነት ይዘን ብንሄድ የድንበሩ አካባቢ የጤና ችግር ግማሹ ይገለጽልናል ብዬ አምናለሁ።

ከበሽታው ጠባይ እንነሳ። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ማለትም ጥቅምት የተነከሰው ልጅ ሲታመም ቆላ ላይ የለም። አገሩ ገብቷል። የመተማ ወይም የቆላዋ ከተማ የአብደራፊ የጤና ባለሙያ ጣፊያ በጣቱ ገና ሲነካ ካላዛርን ይጠረጥራል፣ ለምዶታልና። የደጋው ባለሙያ ግን ምናልባት በትምህርት ቤት ስላይድ ላይ አይቶት ይሆናል። ፈጣን መመርመሪያውም ከመድኃኒት መደርደሪያው ላይ አይገኝም። በሽታው የሚታወቅበት ቦታ ላይ በሽተኛው የለም፤ በሽተኛው ያለበት ቦታ ላይ በሽታው አይታወቅም።

ይህ መላ ምት እንዳይመስል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም አንድ አካባቢ ሰው እየከሳ፣ ትኩሳት እየያዘው መሞት ጀምሮ ነበር። መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ታሰበ። ግንቦት ላይ ተመረመረ፤ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በዚያ ደጋ ካላዛር ከዚያ በፊት አይታወቅም ነበር። ወደ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ነው አጥኚዎች የሚያስረዱት። በቆላው በአብዛኛው ወጣት ወንዶችን የሚይዘው በሽታ እዚህ ሴቶችንና ሕፃናትንም ያዘ። በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ በተከፈተው ሕክምና በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታከሙ። ከዚያ በፊት ወባ እየተባሉ የተቀበሩትን የቆጠረ የለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ ተራዝሞ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። በጀት ሲደለደል፣ አጎበር ሲታደል፣ የመድኃኒት ጥያቄ ሲጻፍ መነሻው የወረዳው ነዋሪ ነው። ወቅታዊ ሠራተኛ ደግሞ ነዋሪ አይደለም። በለሳ ላይ ተቆጥሯል፣ መተማ ላይ ያንቀላፋል። አረም ሲደርስ የቆላ ወረዳ ሕዝብ በብዙ እጥፍ ያብጣል፤ የጤና ጣቢያው ነርስ ቁጥር ግን ያው ነው። በአጋማሽ ዓመት መድኃኒት አለቀ ሲባል የምንሰማው ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሌብነት አይጠፋም፤ ነገር ግን ስሌቱም ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብራችን የሚመሰገን ነው። ሴት ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞረው እናትና ሕፃን አትርፈዋል። ቤት ለቤት ግን ቤት ይፈልጋል። ማዳበሪያ ላይ የሚተኛ ልጅ በር የለውም። አጎበር ቢሰጠውስ የት ይሰቅለዋል?

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም እንደዚያው ነው። መዋጮው የሚከፈለው በቤተሰብ ነው፣ በቀበሌ በኩል። ካርዱ የሚሠራው ወረዳው ውል በገባባቸው ጤና ተቋማት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በሪፈር። የእኛ ልጅ ካርድ እናቱ ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቆላ ሲታመም እንደማንኛውም እንግዳ ከኪሱ ይከፍላል። የካላዛር መድኃኒት ነጻ ነው ብያለሁ። ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ያለው መንገድ ግን ነጻ አይደለም። ምርመራ አለ፣ ትራንስፖርት አለ። ሲታወቅም የተለመደው ሕክምና በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ፣ ለ17 ቀን ነው። አስታማሚ የት ያድራል? ምን ይበላል? ከሥራው ቀርቶ የመጣውን ወንድም ቀን ማን ይከፍለዋል?

የቆላው ባለሙያ ላይ ግን አልፈርድም። ከካላዛር ሌላ ወባ አለበት፣ የእባብ ንክሻ አለበት። ባዶ እግሩን የሚያጭድ ሰው እባብ ይረግጣል፤ መድኃኒቱ ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። በአብደራፊ ለረጅም ዓመታት ይህን ሸክም አብሮ የተሸከመው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ነው። ካላዛርንም፣ የእባብ ንክሻንም ሲያክም ቆይቷል። ቡድኑ ባይኖር ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማሰብ ያስፈራል። አንድ የውጭ ድርጅት ላይ እንዲህ መንጠልጠል ደግሞ በራሱ ያስፈራል። በ2013 ዓ.ም. የብሪታንያ መንግሥት የውጭ እርዳታ በጀቱን ሲቆርጥ ካላዛርን ጨምሮ ትኩረት የተነፈጋቸውን በሽታዎች የሚደግፍ ትልቅ ፕሮግራም ያለጊዜው ተዘግቷል። ውሳኔው የተላለፈው ለንደን ነው። ቀዳዳው የታየው እዚህ ነው።

ኤችአይቪ ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። ከቤተሰብ የራቀ ወጣት፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ሂሳብ፣ መሸታ ቤትና የመኪና መንገድ በአንድ የድንበር ከተማ ሲገናኙ የሚሆነው ይታወቃል። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ይደጋገፋሉ። መርፌው መርዛማ ይሆንበታል፣ የተሻለው መድኃኒት ውድና ቀዝቃዛ ቦታ የሚፈልግ ነው፣ ካላዛሩም ከዳነ በኋላ ይመለሳል። ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሁለቱ አብረው በመታየት ከዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ለእነዚህ ታማሚዎች አዲስ የሕክምና መመሪያ አውጥቷል። ለመመሪያው መሠረት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው እዚሁ ነው። የእኛ ልጆች ሕመም ለሳይንስ ጠቅሟል፤ ለራሳቸውም ይድረስ።

እስካሁን ስለ ጤና ቢሮ ነው ያወራነው። የእርሻው ባለቤትስ?

አካባቢው ባለቤቱን ኢንቨስተር ይለዋል። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ከሚጠቀሱ የወጪ ንግድ ምርቶቻችን አንዱ ነው። አንድ ኩንታል ሰሊጥ ምርት ገበያው መጋዘን ሲደርስ የሚደረግለትን ክብር አስቡት። ናሙና ይወሰድለታል። እርጥበቱና ባዕድ ነገሩ ይለካል። የሁመራ ጎንደር ዓይነት ተብሎ ከነትውልድ ቦታው ይመዘገባል። ደረጃ ይወጣለታል፣ የመጋዘን ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ከየት መጣ ቢባል መልስ አለው። ያጨደው ልጅ ግን አንዲት ወረቀት የለችውም። ቀጣሪው ስሙን ሙሉ በሙሉ ላያውቅ ይችላል፤ የሚያውቀው ደላላውን ነው።

ሕጉ ዝም አላለም፤ ግን ሲናገርም ግማሽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ውል በቃል ቢሆንም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዝዛል። ዋልካ ላይ የተፈረመ ወረቀት ካያችሁ ንገሩኝ። ያው አዋጅ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለንም፤ ስለዚህ የአረም ዋጋ የሚወሰነው ጠዋት በተሰበሰበው ሰው ብዛት ነው። ብዙ ሰው ከወረደ ይወድቃል። አጨዳ ላይ ሰሊጡ ሊረግፍ ሲል ሠራተኛው ጥቂት ቀን የመደራደር አቅም ያገኛል። ያቺ ጥቂት ቀን ናት የዓመቱ ፍትሕ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን አንድ አንቀጽ ነው። አዋጁ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የሚዛመቱና የተለመዱ በሽታዎችን ከትርጉሙ ያወጣቸዋል። የማይመለከተው እነዚያን በሽታዎች በማጥፋት ሥራ ላይ ብቻ የተሰማሩትን ነው። ሐሳቡ ሲጻፍ ምክንያት ነበረው፦ ከተማ ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሁሉ አሠሪውን እንዳይከስ። ቆላ ላይ ስናነበው ግን ምን ይላል? ልጁ ካላዛር በሌለበት አገር ተወልዷል። በሽታው ወዳለበት የወረደው ለሥራ ብቻ ነው። የተነከሰው ቀጣሪው እንዲተኛ ባሳየው ቦታ ነው። ሕጉ ግን በሽታው የአካባቢው ነው፣ የሥራው አይደለም ይለዋል። ካሳ የለም፣ የሕክምና ወጪ የለም፣ የሚከሰስም የለም። ማዳበሪያ የፈነዳበት የፋብሪካ ሠራተኛ ሕግ አለው። ማዳበሪያ አንጥፎ የተነከሰው የለውም።

ኢንቨስተሩ ሁሉ ጨካኝ ነው ማለቴ አይደለም። መጠለያ የሠሩ አሉ። ነገር ግን መጠለያ የሠራውና ያልሠራው ሰሊጣቸውን በእኩል ዋጋ ነው የሚሸጡት። ደግ መሆን ኪሳራ በሆነበት ገበያ ደግነት አይበዛም።

ድንበሩ ራሱስ? መተማ ዮሐንስና የሱዳኗ ገላባት በአንድ ትንሽ ድልድይ የሚገናኙ ሁለት ከተሞች ናቸው። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚህ ነው፤ ስሙም ከዚያ ቀረ። ለአሸዋ ዝንቧ ድልድዩ ትርጉም የለውም። ግራሩና ዋልካው ገዳሪፍ ድረስ ይቀጥላል። ገዳሪፍ የሱዳን የካላዛር እምብርት ነው። የእኛ ልጆች ለአጨዳ እዚያም ይሻገራሉ። በሽታው አንድ፣ ጫካው አንድ፣ ሠራተኛው አንድ፣ መዝገቡ ግን ሁለት ነው። ገዳሪፍ ላይ መርፌ የጀመረ ሰው ድልድዩን ሲሻገር ታሪኩ ከኋላው ይቀራል።

ሁለቱ መንግሥታት ስለዚህ መሬት ብዙ ተነጋግረዋል። ንግግሩ ስለ መስመር ነው። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክና ብሪታንያ ተዋዋሉ፤ በማግሥቱ ዓመት ጉዊን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን ብቻውን ወርዶ ምልክት ተከለ። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ደብዳቤ ተለዋወጡ። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር አካባቢ የሱዳን ጦር አልፋሽጋ የተባለውን አወዛጋቢ የድንበር እርሻ መሬት ያዘ፣ የእኛ ገበሬዎች ተፈናቀሉ። በዚህ ሁሉ ካርታና ሰነድ መሐል ድንበሩ ላይ የሚተኛው ሰው ሲታመም የማን ነው የሚል ጥያቄ ቦታ አላገኘም።

ከዚያ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያች ድልድይ ወደ መተማ ገቡ። ሱዳናውያን፣ ኤርትራውያን፣ የሌላ አገር ሰዎች፣ ለዓመታት እዚያ የኖሩ ኢትዮጵያውያንም። ክረምቱ ሳያልቅ ኮሌራ ገባ፤ በኩመር የስደተኞች ጣቢያ ሰዎች ሞቱ። በአማራ ክልል ግጭት ስለነበር የጎንደር መተማ መንገድ ለአምቡላንስም ለመድኃኒት ጫኝም አስጊ ሆነ። እገታ የዕለት ዜና ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ከኩመርና ከአውላላ ጣቢያዎች ብዙ ስደተኞች ዝርፊያውና ጥቃቱ በዛብን ብለው ጣቢያውን ለቀው ወጡ። መንገድ ዳር፣ ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ግራር ሥር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር ልበል። ለስደተኛ ቢያንስ የሚመዘግበው ተቋም አለ። ቁጥር ይሰጠዋል፣ በቂ ባይሆንም ራሽን ይሰፈርለታል፣ በስሙ በጀት ይጠየቃል። በገዛ አገሩ ከደጋ ወደ ቆላ የወረደው ሠራተኛ ይህም የለውም። ስደተኛው በዛለት ለማለት አይደለም፤ ለእሱም አልበቃውም። መመዝገብ ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ ለማሳየት ነው።

በላይኛው ደረጃ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ጥር የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው ካላዛርን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ለማውጣት ተስማምተዋል። በዓለም ከሚመዘገበው ካላዛር አብዛኛው አሁን የሚገኘው በዚህ ቀጠና ነው። ሕንድ፣ ኔፓልና ባንግላዴሽ ቁጥሩን በእጅጉ ቀንሰዋል፤ ባንግላዴሽ ማስወገዷን የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። ነገር ግን የእነሱን መንገድ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። እዚያ ዝንቧ በአብዛኛው ቤት ውስጥ ነች፤ ግድግዳ ሲረጭ ትሞታለች። የእኛዋ ሜዳ ላይ ናት። ሜዳ አይረጭም። ስለዚህ እኛ ጋ ሥራው ያለው ሰውየው ላይ ነው፦ የት ይተኛል፣ ምን ይበላል፣ ሲታመም ማን ያየዋል።

ምን ይደረግ? ትልልቁን ልተወው። መንገዱ ሰላም ሳይሆን የሚሠራ ብዙ ነገር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ከሚቻለው ግን አንዳንዱ አስገራሚ ርካሽ ነው። የእርሻ ፈቃድ ሲታደስ መጠለያና አጎበር አለ ወይ ተብሎ ይታይ። ሰሊጡ ደረጃ ሲወጣለት ማረፊያውም ይታይ፤ ምርመራው ለእህል ከተቻለ ለሰው ያቅታል ብዬ አላምንም። የጤና መድን ካርዱ በፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ከተሳሰረ ባለቤቱ በሄደበት ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የበለሳ ወረዳ ለመተማ ጤና ጣቢያ የሚከፍለው እንዴት ነው የሚለው የሂሳብ ጥያቄ ይቀራል፤ ባንኮች በየቀኑ የሚፈቱት ዓይነት ነው። ያንን የአዋጅ አንቀጽ ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንብበው። ለሥራ ብሎ ከሌላ ወረዳ የመጣ ሠራተኛ የሚል አንድ ሐረግ ቢጨመርበት ብዙ ነገር ይለወጣል።

ከሁሉም የሚቀለው ግን ገንዘብም አዋጅም አይጠይቅም። ጥር ላይ ነው። በደጋ አንድ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢ የደረበ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ልጅ ተቀምጧል። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የወባ ምርመራው ወባ የለም ብሏል። ባለሙያዋ ቀጣዩን የማዘዣ ወረቀት ስባ ከመጻፏ በፊት ቀና ብላ ትጠይቀው፦

«ዘንድሮ ቆላ ወርደህ ነበር እንዴ?»